የፀጉር ሠሪዋ ትርፍ ጎድን

በቦንጋ ሴት ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት የፀጉር ሠሪዋን የተሾመችን ቅዳሜ ይይዛል። ቀን ያልያዘች ሙሽራ በሯ ላይ ቆማ ብታለቅስም አይሆንላትም፤ የያዘች ግን ዝናብ ይጣል መብራት ይጥፋ፣ ሹሩባዋ ከጎህ ጋር ተጀምሮ ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። ተሾመች በዚህ ትኮራለች፤ ኩራቷንም አትደብቅም። ለሙሽራ የሚሠራ ሰው "እሞክራለሁ" ብሎ አይጀምርም ትላለች።

ትውልዷ ዋጫ አካባቢ ነው። አባቷ ቡናና ኮረሪማ የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። ቤቱ ሴት በሴት ላይ የተወለደበት ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት የእህቶቿን ራስ ተራ በተራ ማሰናዳት የበኩሯ የተሾመች ሥራ ሆነ። አንዷ ስትነጫነጭ፣ ሌላዋ ስትሸሽ፣ ትንሿን በጉልበቷ መሐል ይዛ እየቆነጠጠችም እየሳመችም ትሠራ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቦንጋ አክስቷ ዘንድ ስትመጣ በእጇ ያለው ሙያ ይሄው ነበር። በአንዲት ሴት ፀጉር ቤት ወለል ላይ የወደቀ ፀጉር እየጠረገች ጀመረች። አማርኛዋ ገና ከአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ከካፊኖኖ ስላልተላቀቀ ደንበኞች ይስቁባት ነበር፤ እሷ ግን አፏን ዘግታ እጇን አናገረችው። ሴትዮዋ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ወንበሮቹንም ደንበኞቹንም ለእሷ ለቀቀችላት።

ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ስሟን ቀለም ቀብታ ሰቀለች። ባሏን ያገኘችውም እዚያው ነው። ፈለቀ ጅማና ቦንጋ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከጅማ የሚመጣ ዊግና ቅባት ያደርስላት ነበር። አንድ ቀን ያላዘዘችውን የእጅ ሰዓት አምጥቶ "ይሄስ የማን ነው?" ስትለው "ከተስማማሽ ያንቺ" አላት። ተስማማች፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አንድ ክረምት ላይ ማበጠሪያ ከእጇ መውደቅ የጀመረባት።

መጀመሪያ የደነዘዘችው የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ነበረች። ተሾመች ተኝቼባት ይሆናል ብላ ተወችው። ቀጥሎ የቀለበት ጣቷ ተከተለ። ክንዷን ከፍ አድርጋ ስትሠራ እጇ እንደ ባዕድ ሰው እጅ ይከብዳታል፤ ዝቅ ስታደርገው እንደገና የእሷ ይሆናል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ይቀዘቅዛሉ። አንዲት ደንበኛዋ ተሾመች አንገቷን ስትነካት "ውይ፣ እጅሽ እንደ ጠጠር ቀዘቀዘ" ብላ ዘላ ተነሣች። አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ የነርቭ ቪታሚን ነው ተብሎ መርፌ ተወጋች። ጥቂት ቀን ስላረፈች ተሻላት፤ ሥራ ስትጀምር ተመለሰባት። ሌላ ቦታ የእጅ አንጓ ድካም ነው ብለው ማሰሪያ ሰጧት፤ ማሰሪያው ለዓይን አምሮ ከመታየት በቀር የፈየደው ነገር የለም። ጠበልም ገባች። ከጠበሉ ሰላም አግኝታ ወጣች፤ እጇ ግን ያው ነው።

ችግሩ ብቻውን አልመጣም። በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ህይወት የምትባል ወጣት አዲስ ፀጉር ቤት ከፈተች። ሥልጠናዋን አዲስ አበባ የወሰደች፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ልጅ ናት። ሱቋን በከፈተች ዕለት መንገዱን ተሻግራ መጥታ የተሾመችን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ "ስለ እነዚህ እጆች ገና ከሩቅ ነው የሰማሁት፤ ወርቅ ናቸው" ብላት ነበር። ተሾመችም ደስ ብሏት መልካም ገበያ ተመኝታላት ነበር።

ነገሩን ያስታወሱት እትዬ በላይነሽ ናቸው። እትዬ በላይነሽ ከተሾመች ቤት ጎን ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ፤ የሰፈሩ የሴቶች እድር ዳኛም ናቸው። በክፉ ጊዜ ከማንም በፊት የሚደርሱ፣ በነገርም ጊዜ እንዲሁ ከማንም በፊት የሚደርሱ ሴት ናቸው። የተሾመች እጅ ሲከፋ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያቺ ልጅ እጅሽን በጨበጠች በስንተኛው ነው ይሄ የጀመረሽ ብለው ጠየቋት። ተሾመች ቆጠረች። ቀኑ ገጥሞ አገኘችው።

እንዲህ ያለ ወሬ የምታምን ሴት አልነበረችም። ግን ሕመሙ ስም አልነበረውም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ያገኘውን ስም ይለብሳል። ሐኪሙም ጠበሉም ያልነገሯትን እትዬ በላይነሽ ስለነገሯት ብቻ ወሬው ልቧ ውስጥ ቦታ አገኘ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን እያሰበች፣ ህይወት ጠዋት ስትከፍት ከማዶ እጇን ስታነሣላት፣ ፎጣ የምታጥፍ መስላ ፊቷን አዞረች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ማስመሰሉም ቀረ፤ ዝም ብላ ታልፋት ጀመር።

የተሾመች ዝምታ በሰፈሩ እንደ ፍርድ ተቆጠረ። ህይወት ሱቅ ይገቡ የነበሩ ሴቶች ቀሩ። ልጆቻቸውን በእሷ በር ሲያሳልፉ ነጠላቸውን አልብሰው የሚያልፉም ነበሩ። እድር ለመግባት ብትጠይቅ ይታያል ተብሎ ሳይታይ ከረመ። ልጅቷ ግን አልዘጋችም፤ ባዶ ወንበሮቿን እየወለወለች ተቀመጠች። ተሾመች ከመስታወቷ ውስጥ ታያት ነበር። ጥሩ ስሜት አልነበረውም፤ ቢሆንም አላቆመችም።

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ በተደራረበበት ሰሞን አንዲት የመምህር ልጅ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሹሩባዋ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ የተሾመች እጅ እንደ እሳት ነደደ። አየችው። የትንሿ ጣት ጫፍ ጠቁሯል። በቀለም የተበከለ መስሏት በሳሙና አጠበችው፤ አልለቀቀም። ለሙሽራዋ ምንም ሳትናገር፣ የቀረውን ጉንጉን የሙሽራዋ ታላቅ እህት እንድትጨርስ ከጎኗ ቆማ አንድ በአንድ እየነገረች አስጨረሰቻት። ሙሽራዋ አምራ ወጣች። ተሾመች በሩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። ፈለቀ ከጅማ ሲመለስ ያገኛት እንደዚያው ተቀምጣ ነው። በማግስቱ ተሳፋሪውን ለጓደኛው ሰጥቶ ሆስፒታል ወሰዳት።

የተቀበለቻቸው ዶክተር ወንጌላዊት ቦንጋ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ተሾመች ልጅነቷን አይታ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ ይቺ ደግሞ ሌላ ማሰሪያ ልትሰጠኝ ነው ብላ አሰበች። ዶክተሯ ግን ቸኩላ መድኃኒት አልጻፈችም። ጣቷን አገላብጣ አየች፣ ሁለቱንም እጆች እያፈራረቀች ዳሰሰች፣ መቼ እንደሚብስባት ጠየቀች። ቀጥላ ሥራዋን ጠየቀቻት።

"ፀጉር እሠራለሁ፤ ሹሩባ" አለች ተሾመች።

"እስቲ ሲሠሩ እንዴት ነው የሚቆሙት? ያሳዩኝ።"

ተሾመች ተነሥታ ባዶ ወንበር ፊት ቆመች። ክንዶቿን ከፍ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ፣ በሌለ ራስ ላይ የሌለ ፀጉር መጎንጎን ጀመረች። ፈለቀ ሊስቅ ብሎ ተወው። ዶክተሯ ቀኝ አንጓዋን በጣቶቿ ይዛ የደም ሥሯን ምት እየሰማች ቆየች፤ ፊቷም ተለወጠ። ክንዷን አወረደችው፣ ቆየች፤ መልሳ አስነሣቻት፣ እንደገና ቆየች።

"ክንድዎ ሲነሣ ምቱ ይጠፋል" አለቻት። "ሲወርድ ይመለሳል። ችግሩ እጅዎ ላይ አይደለም ማለት ነው። ከዚህ በላይ ነው።"

ጣቶቿን ከተሾመች አንገት ሥር፣ ከትከሻዋ በላይ ባለው ጎድጓዳ ላይ አሳርፋ ጫን አለች። ተሾመች እዚያ ቦታ ላይ ጠንከር ያለ ነገር እንዳለ ከድሮ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያለው ስለመሰላት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዶክተሯ የጠረጠረችውን አልደበቀችም። በትምህርት ላይ ያነበበችው፣ በዓይኗ ግን አይታው የማታውቀው፣ ከብዙ ሰው መካከል በጥቂቱ ብቻ የሚገኝ ነገር ሊሆን እንደሚችል ነገረቻቸው። ልሳሳት እችላለሁ፣ ራጁ ይነግረናል አለች። ተሾመችን ያጽናናት ይኸው ቃል ነበር። ያልገባውን ገባኝ የማይል ሰው ሲገባው ይታመናል ብላ አሰበች።

ራጅ ክፍሉን የያዘው ኢሳያስ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ረጅም ሰው ነው። የዶክተሯን ማዘዣ አንብቦ ወደ ተሾመች መጣና ሐብሏን እንድታወልቅ፣ ሹሩባዋንም ወደ ላይ እንድታስር ጠየቃት። ከሰሌዳው ፊት አቁሞ አገጯን ቀና አደረገላት። ትንፋሽ ያዢ ሲላት ያዘች፤ ልቀቂ ሲላት ለቀቀች። የመጀመሪያውን ምስል አይቶ ብቻ አልተወውም። መንጋጋዋ አንዱን ቦታ ስለሸፈነበት ዶክተሯን ጠርቶ ተማከሩና በሌላ አቅጣጫ ደገመው። ደረቷንም ጨምሮ አነሣ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ኮምፒዩተሩን ሲያዩ ተሾመች ከንፈራቸውን ከሩቅ ታያለች፤ ሲቆጥሩ ነበር። ከላይ ወደ ታች ቆጠሩ፣ ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ። ከዚያ ዶክተሯ ቀና ብላ በእጇ ጠራቻት።

ተሾመች የራሷን ውስጥ አይታ አታውቅም ነበር። ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ፣ የአንገቷ አጥንት አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ሹሩባ ጉንጉን ተደራርቦ ወርዷል። ዶክተሯ በጣቷ እየመራች አሳየቻት። ጎድን የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ከደረት። ከአንገት አጥንት ላይ ጎድን አይወጣም። የእርስዎ ግን ይኸው፣ ከመጨረሻው የአንገት አጥንት ላይ በቀኝ በኩል አንድ ጎድን ወጥቶ ታችኛው ጎድን ላይ አርፏል። በግራም አለ፤ እሱ ግን አጭር ነው፣ ማንንም አልነካም። ቀኙ ላይ ወደ ክንድ የሚወርደው ትልቁ ደም ሥርና ነርቮቹ በዚህ ትርፍ አጥንት ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚያልፉት። ክንድዎን ባነሡ ቁጥር ይታነቃሉ።

ተሾመች ምስሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፈለቀ ስለ መድኃኒት ሊጠይቅ ሲል በእጇ ከለከለችው።

"ይሄ አጥንት ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?"

"ከእናትዎ ማህፀን ይዘውት ነው የወጡት።"

"ሰው ሊያመጣው አይችልም?"

"እንዴት ያለ ሰው?"

"በዓይኑ። ወይ እጅ ጨብጦ።"

ዶክተር ወንጌላዊት አልሳቀችም። ወንበር ስባ ከአጠገቧ ተቀመጠች። "እትዬ ተሾመች፣ አጥንት በአንድ ክረምት አይበቅልም። ይሄ ዋጫ ሲወለዱ አብሮዎት የተወለደ ነው። ለምን ዛሬ አመመኝ ካሉኝ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ክንድዎን አንሥተው ስለሠሩ ነው። ደም ሥሩ አጥንቱ ላይ ሲፋተግ ኖሮ ተጎዳ። ከተጎዳው ቦታ ጥቃቅን የረጋ ደም እየተላቀቀ ጣትዎ ላይ ሄዶ ይዘጋል። ጥቁሩ እሱ ነው። በዓይንም በእጅም የሠራው ሰው የለም።"

ኢሳያስ ከኋላቸው ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ እንደሚያውቅ፣ እሱም ሰውየው ለሳል መጥቶ በአጋጣሚ የታየ እንጂ ምንም ያላመመው እንደነበር ነገራት። ብዙ ሰው ይዞት ሳያውቀው ኖሮ ይሞታል አለ። ተሾመች ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔን ሥራዬ ነው ያጋለጠኝ አለች።

ዶክተሯ ምስሎቹን በስልኳ ጅማ ላስተማሯት ለዶክተር ሰብሃት ላከች። እሳቸው የደረትና የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ናቸው። መልሱ ሳይዘገይ መጣ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጀምሩላት፣ ቶሎም ላኩልኝ የሚል። ቶሎ የተባለው ለምን እንደሆነ ዶክተር ወንጌላዊት ሳትሸሽግ ነገረቻት። ቢዘገይ ጣቶቿን፣ ከዚያም አልፎ እጇን ልታጣ ትችላለች። ተሾመች ጥርሷን ነክሳ ሰማች። እንሄዳለን አለች። ግን መጀመሪያ ሰፈር አድርሱኝ፣ አንድ ጉዳይ አለኝ።

ባጃጁ ከሱቋ ፊት ሲያወርዳት የራጁን ፊልም የያዘ ትልቅ ፖስታ በብብቷ ይዛ ወደ ራሷ በር አልሄደችም። መንገዱን ተሻግራ ህይወት ሱቅ ገባች። ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች ነበር። ስታያት ተነሥታ ቆመች፤ ሰላም አላለችም፤ ሰላምታ መስጠት ካቆመች ሰንብታለች።

ተሾመች ፊልሙን አውጥታ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈችው። የከሰዓቱ ብርሃን ከኋላው መጥቶ አጥንቶቹን አበራቸው። ያቺን ትርፍ አጥንት በጣቷ ነክታ፣ እጄን የያዘኝ ይሄ ነው አለቻት። ከእኔ ጋር የተወለደ ነው። አንቺን በልቤ ስጠረጥር፣ ሰው ሲሸሽሽ እያየሁ ዝም ስል ከረምኩ። ይቅር በይኝ አለች። ነገር ማለዘብ አታውቅበትም፤ ይህንንም ሳታለዝብ ተናገረችው።

ህይወት ፊልሙን ስታይ ቆየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልወረደም።

"እኔ ከእርስዎ ይቅርታ አልጠበቅኩም፣ እትዬ ተሾመች" አለች። "ሰላምታ ነበር የጠበቅኩት። ይቅርታውን ደግሞ እዚህ ውስጥ ለሁለታችን ብቻ አይበሉኝ። ሲሸሹኝ የነበሩት ውጭ ናቸው።"

ተሾመች ልክ ነሽ አለች። ፊልሙን ይዛ ወጣች። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ከቆጮ ተሸካሚው እስከ ማር ነጋዴው መንገዱ በሰው ሞልቷል። እትዬ በላይነሽ ሽንኩርታቸው ፊት ከሁለት ሦስት የእድሩ ሴቶች ጋር ተቀምጠው ነበር። ተሾመች መሐላቸው ቆማ ፊልሙን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ ዶክተሯ ያሳየቻትን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ሴቶቹ እየተጋፉ አዩ። አንዷ የራሷን አንገት ሥር መዳሰስ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። እትዬ በላይነሽ ብቻ አልተረቱም። ራጅ የሚያየው አጥንት ነው፣ ዓይን ደግሞ አጥንት የለው፣ በራጅ እንዴት ይታያል አሉ።

"ዓይን አጥንት አያበቅልም፣ እትዬ በላይነሽ" አለች ተሾመች። "ይሄ አጥንት ሲበቅል ህይወት ገና አልተወለደችም። ልጅቷን ያለ ጥፋቷ በድለናታል፤ እኔ አንደኛ፣ እርስዎ ሁለተኛ።"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። በዚያ ሰፈር እንዲህ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ በእጃቸው ላይ የነበረውን ሽንኩርት አራግፈው መንገዱን ተሻገሩ። ህይወት በሯ ላይ ቆማ ነበር። ምን እንዳሏት ተሾመች አልሰማችም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም፣ እሳቸውም በትከሻዋ ይዘው ሲያነሷት ግን አየች። ያን ዕለት ማታ የተያዙላትን ሙሽሮች ስልክ ለህይወት ሰጠቻት፤ በነጋታው ፈለቀ ራሱ እየነዳ ወደ ጅማ ይዟት ሄደ።

ጅማ ላይ እንደገና ተመረመረች። በአልትራሳውንድ የደሟን መሄድ በድምፅ አሰሟት፤ ክንዷ ወርዶ ሳለ በጓሮ እንደሚወርድ ጅረት ይንሿሿል፤ ስታነሣው ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ዝም ይላል። ሲቲ ስካኑ ደግሞ አጥንቷንም ደም ሥሯንም በቀለም ለይቶ፣ ከሁሉም ጎን እያዞረ አሳየ። ደም ሥሩ አጥንቱን ሲያልፍ ይጠብብና ከዚያ ወዲያ እንደ ትንሽ ፊኛ ይነፋል። የረጋው ደም የሚነሣው ከዚያ ነበር። ዶክተር ሰብሃት ሽበት የወረራቸው፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው ሰው ናቸው። ቦንጋ ያለችው ተማሪያቸው ከአንጓ ምት ብቻ ተነሥታ እዚህ መድረሷ ደስ እንዳሰኛቸው ለፈለቀ ነገሩት። ለተሾመች ደግሞ የሚያደርጉትን ሁሉ አስረዷት፤ አጥንቱን እንደሚያወጡ፣ የተነፋውን ደም ሥር እንደሚጠግኑ፣ ቦታው ብዙ ነርቭ የሚያልፍበት ስለሆነ አደጋም እንዳለው።

"ከዚያ በኋላ ሹሩባ እሠራለሁ?" አለቻቸው።

"ለዚያ ብዬ ነው የማወጣው" አሏት። "ተቀምጠሽ ለመብላት ብቻማ ከነአጥንትሽም ትኖሪያለሽ።"

ፈረመች። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፏት ፈለቀ እጇን ይዞ አብሮ ሲሄድ፣ ልጃቸው ትምህርት ቤት እንዳትቀር፣ የሱቁ ቁልፍ የት እንዳለ፣ የዋጫ እህቶቿ ሳይደናገጡ እንዲነገራቸው፣ አንድ በአንድ ስታዘው ደረሱ። የምትፈራ አትመስልም ነበር። በኋላ ስትጠየቅ ግን ፈርቼ ነበር፣ ብቻ ሕመሜ ምን እንደሆነ ከማላውቅበት ጊዜ የበለጠ አልፈራሁም አለች።

ስትነቃ መጀመሪያ የፈለገችው እጇን ነው። ግራዋን አሻግራ ቀኟን ያዘችው። ሞቋል። ብዙ ጊዜ ከቅዝቃዜው ጋር ስለኖረች የራሷን ሙቀት የሌላ ሰው እጅ መስሏት ዓይኗን ገልጣ አየች። ማንም አልያዛትም፤ የራሷ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። የጠቆረችው ጣት ጫፍ ቆዳዋን ጥላ ዳነች፤ ስሜቷ ግን እስከ ዛሬ ደነዝ ነው፣ ጥፍሯም ጠማማ ሆኖ ነው የበቀለው። ክንዷን ለወራት ከትከሻዋ በላይ እንዳታነሣ ተከለከለች። ሥራ ለለመደ ሰው ይህ ከቀዶ ጥገናው የባሰ ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ማዶውን ስታይ፣ ደንበኞቿ ወደ ህይወት ሱቅ ሲገቡና ደስ ብሏቸው ሲወጡ ታያለች። አንዳንዶቹ ተመልሰው እንደማይመጡ ገብቷታል። ጎረበጣት። ባይጎረብጣት ኖሮ ተሾመች አትሆንም ነበር።

የተከለከለችበት ጊዜ ሲያበቃ ኢሳያስ ድጋሚ ራጅ አነሣት። ዶክተር ወንጌላዊት የፊተኛውንና የኋለኛውን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻት፤ በቀኝ በኩል የነበረው አጥንት የለም። በግራ ያለው አጭሩ አለ፤ እሱ ካልነካሽ አትንኪው ተባለች፣ በየጊዜው ግን ትታያለች። ዶክተሯ አዲስ የመጡ ሐኪሞችን ስታስተምር ምስሏን ልጠቀም ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀቻት። ተሾመች ምስሉን ብቻ ለምን፣ ራሴም እመጣለሁ አለች። መጣችም። ወጣቶቹ ፊት ቆማ፣ እጇ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደነበር፣ ማሰሪያና መርፌ እንዴት እንዳመላለሷት ነገረቻቸው፤ ሰውን ሥራውን ሳትጠይቁ እጁን ብቻ አትዩ አለቻቸው። አንዱ ሐኪም ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አይታ፣ ጻፈው፣ ደግ ነው አለችው።

የሥራዋ አኳኋን ተለወጠ። የሰፈሩ አናጢ ቢሻው የደንበኞቹን ወንበር እግር ቆርጦ ዝቅ አደረገላት፤ አሁን ክንዷን ሳታነሣ ከላይ ሆና ትሠራለች። ረጃጅም ሴቶች ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ እየመጣ ይሥቃሉ። ረጅም ሰዓት የሚፈጀውን ሥራም ብቻዋን አትይዝም። አንድ ቀን ማዶ ተሻግራ ለህይወት የማያሻማ ነገር አቀረበችላት። አንቺ ማጠቡንና ማድረቁን ከእኔ የተሻለ ታውቂበታለሽ፣ መሣሪያውም አለሽ። ሹሩባ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምን ሁለታችንም ሁሉንም እንሠራለን? ህይወት ሹሩባውን ታስተምሪኛለሽ ወይ አለቻት። "እርስዎ" ማለቱን ያን ቀን ነው የተወችው፤ ተሾመችም አልተቃወመችም። አስተምርሻለሁ፣ ግን ብትቸኩዪ ትቆነጠጫለሽ አለቻት።

ህይወት አሁን የእድሩ አባል ናት፤ መዋጮ የምትሰበስበው እሷ ናት፣ እትዬ በላይነሽም ከእሷ በቀር ለማንም አንሰጥም ይላሉ። ዘንድሮ ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው፣ ፀጉራቸው የታጠበ ሙሽሮች ራሳቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሚዜዎቻቸው ቀሚሳቸውን ከጭቃው አንሥተውላቸው፣ ከህይወት በር ወደ ተሾመች በር ሲሻገሩ ያያል። ባጃጆች ቆመው ያሳልፏቸዋል። ተሾመች በሯ ላይ ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማ፣ ቶሎ በሉ፣ ሙሽራው መጣ ትላቸዋለች።